ከብት ያልረገጠው ጤፍ

ሐምሌ 6 ቀን 2017፣ ሞጣ

ምንይሉ ዛሬ ከባሕር ዳር ደወለ። ድምፁ ብቻ ደስ ያለው መሆኑን ይናገር ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ለትምህርት ቤቶች የሚሆን የብሎክ ጨዋታ እያዘጋጀ ነው አለኝ። ልጆች ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው መሬት የሚቆፍሩበት፣ ቤት የሚሠሩበት፣ ዘር የሚዘሩበት ዓለም ነው፤ አፈሩም ዛፉም በሬውም ከኩብ የተሠራ። ጨዋታው የፈረንጅ ስለሆነ ስንዴና ካሮት፣ ድንችና ዱባ እንጂ የኛ እህል የለበትም። የኛን እህል ሠርቶ የሚያስገባላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ሠሪውንም ይቀጥሩታል። «ሰጊ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ የኔ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን ለራሴ ብዬ የኑግ አበባ ሠርቼ እዚያው ጨዋታ ውስጥ ተክዬው ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሲስቅብኝ እሱ አልሳቀም። ይሄን አልረሳለትም።

ከተመረቅኩ ጀምሮ የወይንእሸት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። «ጉዳዩ፦ ይመለከታል» ስል ውዬ ስል አመሻለሁ። እስቲ አሁን ደግሞ የኔ ጉዳይ ይመልከተኝ።

የምንልከው እሱ በከፈተው አካውንት ነው። እዚህ ኔትወርኩ አንድ ቀን ከመጣ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ቢመጣም ትልቅ ፋይል አይጭንም። እሱ ቢሮው ዋይፋይ አለው። በማን ስም ሆነ ምን ቸገረኝ። ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ የማን ስም የማን ስም ብሎ ነገር የለም።

ሐምሌ 9

ጤፍ አስቸገረኝ። አንድ ተክል ላይ የምቀባው ሥዕል ዐሥራ ስድስት ነጥብ በዐሥራ ስድስት ነጥብ ነው፤ ከዚያ በላይ ጨዋታው አይፈቅድም። ለስንዴ ይበቃል፣ ስንዴ ደንዳና ነው። የጤፍ አገዳ ግን ከአንዷ ነጥብም ይቀጥናል። ቀባሁት፣ ሸንበቆ ሆነ። አጠፋሁትና እንደገና ቀባሁት።

ሐምሌ 10

ሸንበቆ።

ሐምሌ 14

ገባኝ። አገዳውን ትቼ ዛላውን ቀባሁ፤ አገዳውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ከቡቃያ እስከ አጨዳ ስምንት ደረጃ አለው፣ ስምንት ሥዕል ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ዛላው ከበደውና ጋደም አለ። በፈረንጁ ጨዋታ እህል ሁሉ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚደርቀው። የኔ ይተኛል። አይቼው አልጠግብ አልኩ።

ወይንእሸት ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ሱቁ የሷ ነው፣ ምላሷም የሷ ነው።

«ሣር ነው እንዴ የምትስዪው?»

«ጤፍ ነው።»

«ማን አዘዘሽ?»

«የምንይሉ ሥራ ነው» አልኳት።

«የሱ ከሆነማ በነፃ ነው በይኛ» ብላ ሄደች። ወይንእሸት ባል ፈትታለችና ወንድ ሁሉ ያ ይመስላታል።

ማታ ሥራውን በፍላሽ ቀድቼ ለፋንታ ሰጠሁት። ፋንታ የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ረዳት ነው። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶ ቁልፉን ዘጋበት፤ ታማኝ ነው።

ሐምሌ 22፣ ቢቸና

ፈቃድ ጠይቄ ቤት መጣሁ። የጤፍ መሬታችን የሚረገጥበት ሳምንት ነው። ለእምዬ ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት አልኳት። ለሥራም ነበር።

መሬታችን ዋልካ ነው። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ የላላ አፈር ላይ ከወደቀ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ከመዘራቱ በፊት ጎረቤት በደቦ ከብቱንም አህያውንም ይዞ ይመጣና መሬቱ ሊጥ እስኪመስል ያስረግጡታል። አባባ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ከብቱን ከኋላ ከኋላ ይነዳሉ። እኔ ዳር ቆሜ ስልኬን አወጣሁ።

«ለምንሽ ነው የምትቀጂው?» አሉኝ።

«ለሥራ ነው አባባ። ኮምፒውተር ውስጥ ከብት ሲነዳ የሚሰማ ድምፅ እፈልጋለሁ።»

«የኔ ድምፅ ነው ኮምፒውተር የሚገባው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ደህና አድርጌ ልንዳ» ብለው «ዙር፣ ዙር በል፣ ርገጥ የኔ ጌታ» ሲሉ ድምፃቸው ወንዝ ተሻግሮ ተሰማ። ጎረቤቶቹ ሥራውን ትተው ሣቁ። አባባ ሰው ሲስቅባቸው የሚወዱበት ቀን ጥቂት ነው፤ ዛሬ ወደዱት።

በኋላ እግራቸውን ሲታጠቡ «ለመሆኑ የማን ሥራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የምንይሉ ነው አልኳቸው። ለወይንእሸትም እንዲሁ ነበር ያልኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የኔ ነው የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። አባባ ግን ደስ አላቸው። «ጎበዝ ልጅ ነው ማለት ነው» አሉ።

ነሐሴ 1፣ ሞጣ

በኛ አገር ተረግጦ ይዘራል። በጨዋታው ደግሞ የታረሰ መሬት ላይ የዘለለ ሰው መሬቱን ያበላሻል፣ ዘሩም ይነቀላል። ፍጹም ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ሕጉን ቀየርኩት፦ ከብት ያልረገጠው መሬት ጤፍ አያበቅልም። ተጫዋቹ ጤፍ ካማረው ላም ፈልጎ፣ ነድቶ፣ አዙሮ ነው። ሲነዳም የአባባ ድምፅ ይሰማል።

እንዲህ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ነገር የለም። ሞከርኩት፤ ላሞቹ ዞሩ፣ መሬቱ ጠቆረ፣ ጤፉ ወጣ። ለፋንታ ሰጠሁት።

ነሐሴ 6

ጉድ ፈላ። ሕጉን የጻፍኩት ጤፉ ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ነው። ካሮቱም፣ ስንዴውም፣ ዱባውም ከብት ካልረገጠው አልበቅል ብሏል። አዲስ አበባ የሚሞክሩት ሰዎች ካሮት ለመትከል ላም ሲያባርሩ ውለዋል። የቢቸና ልጅ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ስሕተት ማን ይሠራል። መሬት ሁሉ የኛ መሬት መስሎኝ።

ምንይሉ ደውሎ ተቆጣ። ሲቆጣ ሰጊ አይለኝም፣ ሰገነት ነው የሚለኝ። እየተቆጣ እያለ ከጎኑ አንዲት ሴት «ማን ናት?» ስትለው ሰማሁ። ስልኩን በእጁ ሸፈነው፤ ደህና አድርጎ ግን አልሸፈነውም።

«ሥዕል የምትቀባልኝ ልጅ ናት» አላት።

ከዚያ ተመልሶ «አቤት፣ ሰማሽኝ?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት።

ነሐሴ 7

ሥዕልም እቀባለሁ፣ አልዋሸም። ደግሞ ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት እጮኛዬ ናት ቢል ያፍር ይሆናል። ወንዶች እንዲህ ናቸው።

ሕጉን ከመሬቱ አንስቼ ጤፉ ላይ አደረግኩት። አሁን ካሮት እንደ ካሮት ይበቅላል።

ነሐሴ 9

«ሥዕል የምትቀባልኝ።» የምትቀባ እንኳ አላለም፣ የምትቀባልኝ።

ኤዲያ፣ ተይው።

ነሐሴ 20

ሽምብራው አለቀ። ግብጦውም አለቀ፣ አበባው ነጭ ይሁን ሰማያዊ ይሁን ስል ቆይቼ ሁለቱንም አደረግኩት። ኑጉ የድሮው ነው፣ አስተካከልኩት።

ምንይሉ «እርገጣውን አውጪው» አለኝ። አዲስ አበባዎቹ አይገባቸውም፣ ልጆቹም ይሰለቻሉ አለ።

«ጤፍ ሳይረገጥ አይዘራም» አልኩት።

«ጨዋታ እኮ ነው ሰገነት።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን ትቆጣለህ?»

«ራሴ አወጣዋለሁ» ብሎ ዘጋው። ያውጣ። ዩኒቨርሲቲ እያለን የሱን ፕሮጀክት ማን እንደሠራለት እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይሄን መጻፍ ነውር ነው። ጻፍኩት እንግዲህ።

ነሐሴ 24

አወጣው። እህሉ ሁሉ ሞተ። ጨዋታው የአንድን ነገር ሥዕል ሲያጣ በምትኩ ሐምራዊና ጥቁር ዳማ ያሳያል፤ አሁን ማሳው በሙሉ ሐምራዊ ዳማ ነው። ፎቶውን ላከልኝ። ፍላሹን በፋንታ መለሰልኝ፣ ከላዩ ላይ ወረቀት ለጥፎበታል፤ «እባክሽ የኔ ቆንጆ» ይላል።

ዛሬ ወይንእሸት ደንበኛ ስታስተናግድ እኔ ተደብቄ ጠገንኩት። እርገጣውንም መልሼ አስገባሁት። እሱ አይለየውም።

ባልጠግነውስ ኖሮ ብዬ አስቤ ነበር። ዝም ብዬ እንደ ሐምራዊነቱ ብመልሰውስ? አላስቻለኝም። እኔና ምንይሉ ብንጣላ ጤፉ ምን አደረገ።

ጳጉሜን 3

ኔትወርክ የለም። መንገዱም ተዘግቷል፣ የፋንታ አውቶቡስ መሀል መንገድ ቆሟል አሉ። ፍላሹ እሱ ኪስ ነው ያለው። ሰው ስለ ሰው ይጨነቃል፣ እኔ ስለ ፍላሽ።

ስለ ፋንታም እጨነቃለሁ። ጠዋት ያልኩትን አሁን ሳነበው ክፉ ሰው መስዬ ታየሁኝ።

መስከረም 8 ቀን 2018

ፋንታ ደህና ነው። ፍላሹም ደርሷል።

እምዬ ደወለች። ምንይሉ ሽማግሌ ልኮ ትናንት ቤት መጥተዋል። ፊተኛው መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ። አባባ እንደ ወጉ «ዘመድ ላማክር» ብለው ቀጠሮ ሰጥተዋቸዋል፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት። «ደስ አላለሽም እንዴ? ድምፅሽ ምነው?» አለችኝ እምዬ።

ደስ ብሎኛል። ኔትወርኩ ነው እንጂ ደስ ብሎኛል።

መስከረም 25

ምንይሉ ሥራውን ሊያሳይ አዲስ አበባ ከሄደ ሰነበተ። አብረን እንሄዳለን ብሎኝ ነበር። «መንገዱ ለሴት አይሆንም» አለ። በዚያው መንገድ አሥር ሴት ነጋዴ በየሳምንቱ ዓባይ ድልድይን ትሻገራለች። አይደውልም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ነጠላ ጫማ ገዛሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አዲስ አበባ ስሄድ የማደርገው ብዬ ነው።

ጥቅምት 2

ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። የመታወቂያ ፎቶ የሚነሱ፣ የቤት ኪራይ ውል የሚያጽፉ። ወይንእሸት ስልኳን ይዛ «ነይ፣ ነይ፣ ያንቺው ሰው ቪዲዮ ላይ ወጣ» አለች። ሁሉም ተጠጋ። እኔም ተጠጋሁ።

ምንይሉ አዲስ ኮት ለብሷል። ከኋላው ትልቅ ስክሪን አለ፣ በስክሪኑ የኔ ጤፍ ጋደም ብሎ ይታያል። ጠያቂዋ ከሁሉም የወደድነው ይሄ የከብት እርገጣ ነው፣ ሐሳቡ ከየት መጣልህ አለችው። «በልጅነቴ» አለ ምንይሉ፣ «ከአባቴ ጋር የጤፍ መሬት ስናስረግጥ።» ከዚያ ላሞቹ ዞሩ። «ዙር፣ ዙር በል፣ ርገጥ የኔ ጌታ።» ሱቁ ውስጥ የአባባ ድምፅ ተሰማ። «ይሄ የአባቴ ድምፅ ነው» አለ። ዓይኑም ትንሽ ዕንባ አቀረረ።

አባቱ ደብረ ማርቆስ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። በሬ የሚያውቁት በቅርጫ ነው።

ወይንእሸት «ታድለሽ» ልትለኝ ዞረች፤ ፊቴን አየችና ቪዲዮውን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አላለችኝም። እሷ ዝም ማለት እንደምትችል አላውቅም ነበር። አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ ሁለት ኮፒ ነው እኮ ያልኩሽ» አሉኝ። ማሽኑ ስንት እንዳወጣ እንጃ፣ መሬቱ ወረቀት ሆኖ ነበር።

ጥቅምት 3

ደወልኩለት። በሦስተኛው አነሳ።

«አየሽው?» አለኝ፤ ደስ እንዲለኝ ጠብቆ።

«የአባቴን ድምፅ ‹የአባቴ ነው› አልክ።»

«ካሜራ ፊት ደንግጬ ነው ሰጊ። ደግሞስ አባትሽ ከእንግዲህ አባቴ አይደሉ እንዴ?»

«ሥራውንስ ማን ሠራው?»

«እኛ።»

«እኛ አላልክም። እኔ ነው ያልከው።»

«ሁለት ሰው ብንል አይቀጥሩንም፤ የፈለጉት አንድ ሰው ነው። ቀጥረውኛል። ልነግርሽ ነበር። ተጋብተን አንድ ቤት ልንገባ ያንቺ የኔ እያልን ልንካፈል ነው? እስቲ ንገሪኝ፣ ምንሽን ወሰድኩብሽ?»

ምኔን እንደወሰደብኝ ወዲያው መናገር አቃተኝ። ሰው ቢላዋ ቢሰረቅ ቢላዋዬን ይላል። እኔ ምን ልበል። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። እሺ አልኩት!

ጥቅምት 4

መልሱ ሁሉ አሁን እየመጣልኝ ነው። ወጥ ሳማስል፣ ፊቴን ስታጠብ። ትናንት የት ነበር?

ጥቅምት 13

ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው። ሦስት ቀን አስቤ፣ የሰው ማመልከቻ የምጽፍ ሰው የራሴን መጻፍ አቃተኝ። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ከፈለጋችሁ ፈትኑኝ፣ አልኳቸው። ባጭሩ።

ጥቅምት 17

መልስ መጣ። በጣም ትሑት ነው። ከአቶ ምንይሉ ቡድን ውስጥ መሆኔን እንደሚያውቁ፣ ለሥዕሎቹ እንደሚያመሰግኑኝ፣ የውስጥ አለመግባባት ካለ ከቡድን መሪዬ ጋር ብነጋገር እንደሚሻል። ዝቅ ብሎ የአበባ ምልክት አለበት።

ምንይሉ ማታውኑ ደወለ። አልተቆጣም። ይሄ ነው የባሰው፤ አለመቆጣቱ። «ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ? ሁለታችንንም ታስባርሪ ነበር እኮ» አለ፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ሁለታችንን። እኔ ከየት ነው የምባረረው፣ ከወይንእሸት ሱቅ?

ኅዳር 1

ሞጣ መጣ። ሳይነግረኝ፣ ያንኑ ኮት ለብሶ። ሻይ ቤት ተቀመጥን። ከሳ ብዬ አዘንኩለት፤ ሰው ከሚወደው ሰው ላይ ዓይኑን ማንሣት ቀላል አይደለም።

አዲስ አበባ ቤት ተከራይቷል። አንዱን ክፍል ለኔ ጠረጴዛ አዘጋጅቷል። «ቤትሽ ሆነሽ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ይዤ እሄዳለሁ። አለቃ የለብሽ፣ ታክሲ ሰልፍ የለብሽ። ስንት ሴት ነው ይሄን የሚያገኝ?» አለኝ። ድርጅቱ ደግሞ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ እንሰት ይፈልጋል። እንሰት ሲል ልቤ ደንገጥ አለ፤ ቅጠሉን በዚያች ዐሥራ ስድስት ነጥብ እንዴት እንደማደርገው አስቤ ጨርሻለሁ እዚያው ተቀምጬ።

«አንድ ቀን ስሜን ትነግራቸዋለህ?» አልኩት።

«ጊዜው ሲደርስ።»

«መቼ ነው ጊዜው?»

ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር፣ ዝም ብሎ አማሰለ።

ተሰናብቶኝ ሲሄድ እጄን ያዘኝ፤ እኔም ያዝኩት። ይሄንንም ልጻፈው። አልጠላውም። ብጠላው ኖሮ ምን ገዶኝ።

ኅዳር 13፣ ቢቸና

ሽማግሎቹ ጠዋት መጡ። እኔና እምዬ ጓዳ ነን። መሪጌታ አካለ ወልድ ስለ ትዳር ያወራሉ፣ አነጋገራቸው እንደ ድሮው ያምራል። አባባም እንደ ወጉ አመሰገኑና «ልጅቱን አንድ ጊዜ ልጠይቅ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ፊታቸው ፈክቷል፤ መጠየቁ ለይስሙላ ነው።

«እሺ ልበላቸዋ?» አሉኝ።

«አይሆንም ይበሉልኝ አባባ።»

መጀመሪያ የሴት ልጅ እፍረት መሰላቸውና ፈገግ አሉ። ደገምኩት። ፈገግታቸው ጠፋ።

«ምን አጠፋ? ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«እጁን አነሣብሽ?»

«የለም።»

«ሌላ ሴት አለችው?»

«የለችውም። እኔ የሠራሁትን ሥራ ‹እኔ ነኝ የሠራሁት› አለ። የእርስዎንም ድምፅ ‹የአባቴ ድምፅ ነው› ብሎ አገር አሰማበት።»

«የቱን ድምፅ?»

«ክረምት የቀዳሁትን።»

«ከብት የነዳሁበትን?» አሉና ትንሽ አሰቡ። ሊቆጡልኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ከብት መንጃማ የማንም ድምፅ ነው ልጄ» አሉኝ።

እምዬ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። እኔም ላስረዳቸው ሞከርኩ። ብሎኩን፣ ደረጃውን፣ ሥዕሉን፣ ሕጉን ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው ለራሴም ነገሩ እያነሰብኝ ሄደ። አባባ ሰምተው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እነዚህን የሚያህሉ ሰዎች አስቀምጬ፣ ልጄ በልጆች ጨዋታ ተጣልታ ነው ልበላቸው? መሪጌታ ምን ይሉኛል?» አሉ።

«እውነቱ እሱ ነው።»

«እውነት ሁሉ ይነገራል እንዴ?»

እምዬ ያኔ አንድ ነገር ተናገረች። «አልፈልግም ካለች አትፈልግም ነው» አለች። አባባ ተመልሰው ወጡ። እኔ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሰማኋቸው።

«ልጅቱ ጤና የላትም» አሉ። «የሰው ልጅ ወስዶ ይቸገርብኝ አልልም።»

«ምነው፣ ምንድን ነው የሚያማት?» አሉ መሪጌታ፤ ደንግጠው።

«የጭንቅላት ነገር ነው።»

መሪጌታ ጸሎት አደረጉልኝ። ስሜን እየጠሩ፣ ረጅም ጸሎት። እኔ ጓዳ ሆኜ አሜን የሚለውን ሰማሁ።

አባባ ለኔ ብለው ነው የዋሹት። ሰው ከሚስቅብኝ ሰው ቢያዝንልኝ ይሻላል ብለው ነው። እንደዚያ ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ሲሸኟቸው ዓይናቸው ቀልቶ ነበርና ልቆጣቸውም አልቻልኩም።

ኅዳር 19፣ ሞጣ

ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሷል። ወይንእሸት ወንበሬን ከማሽኑ አርቃ መስኮቱ ጋ አድርጋዋለች። «የማሽኑ ብርሃን እንዳይወጋሽ ብዬ ነው» አለችኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ወይንእሸት በለሰለሰ ድምፅ ስታናግረኝ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አንዲት ደንበኛ የጠበል ስም ነገረችኝ። ሌላዋ «አይ፣ ብዙ የተማረ ሰው እንዲህ ያደርገዋል» አለች፣ እኔ እየሰማሁ።

አልታመምኩም ብል፣ ታዲያ ለምን እንዲያ ያለውን ሰው እምቢ አለች ይላሉ። የጨዋታ ጤፍ ብል፣ ይኸው ታማለች ይላሉ። በሁለቱም በኩል ዞሬ አየሁት።

ኅዳር 21

ምንይሉ ደወለ። ሰምቷል። «ለምን አልነገርሽኝም? እኔ በሕመም የምተውሽ ሰው ነኝ?» አለ፤ አለቀሰም። እውነተኛ ለቅሶ ነው። አምኗል። እምቢ ያልኩት በሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ በደጁም አላለፈም። ያን ቀን ቪዲዮው ላይም ያለቀሰው ለካ ከልቡ ነበር።

አላስተባበልኩም። ደከመኝ።

ኅዳር 29

መልእክት ላከ።

«ሰገነት እንደምን አለሽ። እግዜር ይማርሽ። ጨዋታው አዲስ እትም አውጥቶ እህሉ ሁሉ ሐምራዊ ሆነብኝ። ትምህርት ቤቶቹ እየደወሉ ነው። የትኛውን ፋይል ነው የማስተካክለው? ስትችዪ ብቻ።»

ላፕቶፔን ከፍቼ አየሁት። ምንም አይደለም። አዲሱ እትም ሥዕሎቹን የሚፈልገው ከሌላ ማኅደር ሆኗል፤ ወደዚያ ማዛወር ብቻ ነው። የተቀዳልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። እጄ ራሱ ሄዶ ማኅደሩን ከፈተው፤ ጤፉን አየሁት፣ ስምንቱንም ደረጃ። ከዚያ ሳልነካው ዘጋሁት። «የሠራውን ሰው ጠይቅ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ሌላ ነገር ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። ምንም ሳልልክ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ መልእክት መጣ።

«ግዴለም፣ አትጨነቂ። ለአለቆቼ የምትረዳኝ ልጅ ታማብኛለች ብያቸዋለሁ። እስክትድን እንጠብቃለን ብለዋል።»

እንግዲህ ይጠብቁ። እኔ አልድንም።